በኮምፒዩተር መዝገብ የሰብል ሪፖርት ስለ ማውጣት

የሰብል ሪፖርት በሩቅ የተቀመጠ ሹም በዐይኑ ያላየውን ማሳ የሚያውቅበት ነው። ሪፖርቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ዘርና እህል ወደማያስፈልግበት ስፍራ ይላካል፤ የቸገረውም ሰው ሳይታሰብ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ሥራ በኮምፒዩተር የሚማር ጸሐፊ ከገጹ ማማር አስቀድሞ ስለ ቍጥሩ እውነተኛነት ሊያስብ ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል ራቤልን መውሰድ ይቻላል። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ ገብስ፤ ስንዴና ባቄላ በበልግም በመኸርም ይዘራል፤ ውርጭና በረዶም አንዱን ቀበሌ መትቶ ጎረቤቱን ሊያልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ አገር የወረዳው ድምር ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ የአንዱ ቀበሌ ጕዳት በሌላው ምርት ተሸፍኖ ይቀራል።

ዳታቤዝ የሚባለው የመረጃ ቋት በሠንጠረዦች የተከፋፈለ መዝገብ ነው። የዚህን አሠራር መሠረት ኤድጋር ኮድ የተባለ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ገለጠ፤ ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያገለግለው ማይክሮሶፍት አክሰስም በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንዱ ሠንጠረዥ የቀበሌዎችን ስም ከነመለያ ቍጥራቸው ይይዛል፤ ሁለተኛው የሰብሎችን ስም ይይዛል፤ ሦስተኛው በየቀበሌው የተዘራውን ሄክታርና የተገኘውን ኩንታል ይይዛል። በሦስተኛው ሠንጠረዥ የቀበሌው ስም ሳይሆን መለያ ቍጥሩ ይጻፋል። ኮምፒዩተር «ሀ»ንና «ሐ»ን፤ «ሰ»ንና «ሠ»ን ልዩ ልዩ አድርጎ ስለሚያይ፤ ስሙ በየጊዜው በፊደል ቢጻፍ አንዱ ቀበሌ ሁለት ሆኖ ይወጣል።

ሪፖርት ሲሠራ አስቀድሞ የሚፈለገው ጥያቄ ይወሰናል፤ ይኸውም የትኛው ዓመት፤ የትኛው ወቅት፤ የትኛው ሰብል የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በቀበሌ ይመደባል፤ ከየምድቡ በታች የቀበሌው ድምር፤ በመጨረሻውም የወረዳው ጠቅላላ ድምር ይቀመጣል።

አማካዩን በማውጣት ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት ብዙ ነው። አንዱ ቀበሌ በ100 ሄክታር ላይ በሄክታር 20 ኩንታል፤ ሌላው በ400 ሄክታር ላይ በሄክታር 5 ኩንታል አገኘ እንበል። ሁለቱን አማካዮች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ጸሐፊ 12.5 ያገኛል። እውነተኛው ግን 4,000 ኩንታል ለ500 ሄክታር ተካፍሎ 8 ብቻ ነው።

ስለ ቀንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የፕሮግራሙ የቀን ስፍራ በፈረንጅ አቈጣጠር ይመድባል፤ ኅዳር 1 ቀን ግን በኖቬምበር 10 ወይም 11 ስለሚውል የኅዳር ምርት በሁለት ወር ተከፍሎ ይወጣል። መድኀኒቱ የኢትዮጵያን ዓመትና ከ1 እስከ 13 የሚቈጠረውን ወር በየራሱ ዓምድ መመዝገብ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ስለ ዝምተኛው ቀበሌ ነው። የቀበሌዎቹና የምርቱ ሠንጠረዥ በተለመደው መንገድ የተገናኙ እንደ ሆነ በሁለቱም የተገኘው ብቻ ይወጣል፤ ምንም ያላስመዘገበው ቀበሌ ከሪፖርቱ ፈጽሞ ይጠፋል። በክረምት መንገድ ተቈርጦበት ወረቀቱን ያልላከው ቀበሌ ግን ምናልባት በረዶ የመታው እርሱ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ሠንጠረዦች ሲገናኙ ቀበሌዎቹ ሁሉ እንዲወጡ የሚያደርገውን ምርጫ መያዝ፤ በባዶውም ስፍራ «አልደረሰም» የሚል ቃል እንዲታይ ማድረግ ይገባል። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም፤ ዜሮ ተለክቶ ምንም አልተገኘም ማለት ነው፤ ባዶ ግን ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ግሼን በሚያዋስነው በወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ፤ ጕዳቱ በጊዜው በግልጥ አልተነገረም ነበር። ኮምፒዩተር ፍጥነትን ይሰጣል እንጂ የተሰወረውን በራሱ አይገልጥም። ስለዚህ ሪፖርቱ ሳይላክ አስቀድሞ የአንዱን ቀበሌ ድምር በወረቀት አስልቶ ማስተያየት፤ አልደረሰም የተባለውንም ቀበሌ በስልክ ወይም ሰው ልኮ መጠየቅ የጸሐፊው ግዴታ ነው።