በሽርሽር ጀልባ የክለብ ውድድር፦ ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ያገለገለች ካታሊና 30 ገዝቶ፣ አናፖሊስ ላይ ረቡዕ ረቡዕ ማታ በሚደረገው የሸራ ጀልባ ውድድር መሳተፍ ጀምሯል። «ሁሌ መጨረሻ ነው የምገባው፤ አዲስ ሸራ ልግዛ ወይስ ጀልባዋን ልቀይር?» ይላል። ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። መልሱን ሌሎቻችሁም እንድታነቡት እዚሁ ልጻፈው።

ካታሊና 30 ለሽርሽር የተሠራች ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና ሞተር ተሸክማ ክብደቷ 4.6 ቶን ገደማ ይደርሳል። ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ 25 ጫማ ያህል ስለሆነ፣ ነፋሱ ቢበረታም ከ6.7 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም። ይህን ማንም አይለውጠውም። መለወጥም አያስፈልግም፤ በአሜሪካ ክለቦች የተለመደው ፒኤችአርኤፍ የሚባለው የማካካሻ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ጀልባ በአንድ ማይል ስንት ሰከንድ እንደሚታሰብለት ይወስናል። ለምሳሌ የእናንተ ቁጥር 180፣ የተፎካካሪያችሁ 120 ቢሆን በየማይሉ 60 ሰከንድ ይታሰብላችኋል። በ5 ማይል ውድድር 5 ደቂቃ ማለት ነው። እሱ ከገባ በኋላ በ4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ከደረሳችሁ አሸናፊዎቹ እናንተ ናችሁ።

ቁጥሩ የሚሰጠው ግን ጀልባዋ ንጹሕ፣ ሸራዋ ደህና፣ ነጂዋም ሥራውን የሚያውቅ ነው ተብሎ ነው። ቀርፋፋነቷ ተቆጥሮላታል፤ ቆሻሻዋ አልተቆጠረላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ከውሃው በታች ያለውን እዩ።

የቼሳፒክ ውሃ በሰመር ይሞቃል። ቆማ የሰነበተች ጀልባ ሥሯ መጀመሪያ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይለብሳል፤ ከዚያ ትንንሽ ነጭ ዛጎሎች ይለጠፉበታል፤ በእጅ ሲዳሰስ ሞረድ ነው የሚመስለው። ነፋሱ ቀላል በሆነበት ምሽት ጀልባን ከምንም በላይ የሚይዛት ይኸው ፍትጊያ ነው። ጠላቂ ከፍላችሁ አስፈትጉት፤ ፕሮፔለሩንም አትርሱ።

ክብደቱንም ቀንሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ለአንድ ምሽት ውድድር የመጠጥ ውሃ ታንከሩን ሞልቶ መውጣት ምን ይሠራል? ደንቡ ከሚያዘው የደኅንነት ዕቃ በስተቀር ትርፉን አውርዱ፤ የቀረውን ከጫፍና ከጫፍ ወደ መሀል ሰብስቡት። ጫፏ ላይ የተጫነባት ጀልባ ማዕበል ባገኛት ቁጥር አፍንጫዋን እያነሳች እየጣለች ፍጥነቷን ትጨርሳለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክሩ ነው። ከፊተኛው ሸራ የፊት ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም አንዳንድ ቁራጭ የሱፍ ክር ይለጠፋል። ነፋሱ በሸራው ሁለት ጎን በትክክል ሲያልፍ ሁለቱም ክሮች ወደ ኋላ ተዘርግተው ይተኛሉ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ክር ወደ ላይ ከተወራጨ ነፋሱን አብዝታችሁ ተጋፍጣችኋል፤ መሪውን ትንሽ መለስ አድርጉ። ከማዶ ያለው ክር ከተንጠለጠለ ወይም ከተሽከረከረ ደግሞ ሸራው ከልክ በላይ ተስቧል፤ ገመዱን ላላ አድርጉት። ከባድ ጀልባ አንዴ ከቀዘቀዘች መልሳ እስክትነሳ ብዙ ጊዜ ታባክናለች። ስለዚህ በጠባብ ማዕዘን ወደ ነፋሱ ከመታገል ትንሽ ሰፋ አድርጎ፣ ፍጥነት ይዞ መሄድ ይሻላታል።

ነፋሱ ሲበረታ ብዙ ሰው ጀልባዋ ጋደል ስትል የፈጠነች ይመስለዋል። ከ20 ወይም ከ25 ዲግሪ በላይ ከተጋደመች ግን በግድ ወደ ነፋሱ ልዙር ትላለች፤ እሷን ለማቅናት መሪውን በኃይል ስትይዙት መሪው ራሱ ፍሬን ይሆናል። መሪው እጃችሁ ላይ ከከበደ ሰዎቹን ነፋሱ በሚመጣበት ጠርዝ ላይ አስቀምጡ፣ የዋናውን ሸራ መሳቢያ በሐዲዱ ወደ ማዶ ልቀቁት፤ ካልበቃ ሸራ ቀንሱ። ሸራ ቀንሰው የሚያልፏችሁ ጀልባዎች ምስክር ናቸው።

ያረጀ ሸራ ይለጠጥና ሆዱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያኔ ጀልባዋን ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን ያጋድማታል። የማንሻ ገመዱን ጠበቅ ብታደርጉት ሆዱ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሸራው እንዲያም ተደርጎ ካልተስተካከለ ያኔ ግዙ፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ከፊተኛው ጀምሩ።

መነሻው ላይ ከግፊያው ራቅ በሉ። ሰው ሸራ ጀርባ የገባች ከባድ ጀልባ ነፋስ አጥታ ትቆማለች፤ ጥቂት ሰከንድ ዘግይታችሁም ቢሆን ማንም ያልነካው ነፋስ ይኑራችሁ።

ለጠያቂዬ አንድ የቀረ ነገር፦ የማካካሻ ቁጥርህ የተጻፈበትን ወረቀት አውጥተህ አንብበው። ብዙ ቦታ ለማይታጠፍ ፕሮፔለር ጥቂት ሰከንድ ይጨመራል። ያንተ የማይታጠፍ ሆኖ ወረቀቱ ላይ የሚታጠፍ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያልተሰጠህ ሰከንድ አለና ከመጪው ረቡዕ በፊት አመልክት።