የጋሪ ፈረስ መድን ሲመረጥ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ የጋሪ ፈረስ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። “የእንስሳት መድን” ሲባል ፈረስም ተካቷል ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በ2004 ዓ.ም. በቦረና የጀመረው መድን የታሰበው ለአርብቶ አደሩ ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ነው፤ ክፍያውም በሳተላይት በሚለካ የግጦሽ እጥረት ይወሰናል። አስፋልት ላይ እግሩ የተሰበረ ፈረስ በዚህ ስሌት አይገባም።

ለጋሪ ፈረስ የሚበጀው በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ የሚገባ ውል ነው። ዋናው ጥያቄ ውሉ የሚሸፍነው ሞትን ብቻ ነው ወይስ ከሥራ መውጣትንም የሚለው ነው። የጋሪ ፈረስ ሳይሞትም ከሥራ ይወጣል። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ በመስመር ተደርድረው የሚያብጡ፣ ፈንድተውም መግል የሚያወጡ እባጮች ከታዩ በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ ይጠረጠራል። በሽታው ፈረሱን ለወራት ያሰቃያል፤ ሞትን ብቻ የሚሸፍን ውል ደግሞ ያን ጊዜ ለባለጋሪው አንድ ብር አያስገኝም። የቆየ ቁስል ደብቆ መፈረም ካሳውን ያሳጣል። ስለዚህ ከውሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን መርምሮ፣ ዕድሜውን በጥርሱ አይቶ፣ ቀለሙንና ምልክቱን መመዝገብ አለበት።

ፈረሱ በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለባለሞተር ተሽከርካሪ የወጣ በመሆኑ ጋሪን አይሸፍንም፤ ፈረሱ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆነው ሽፋን በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።