በጥቂት ገንዘብ የተሠራው የእንግዳ ማረፊያው አስፈሪ ፊልም

በግምጃ ቤትም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲመታ ባለቤቱን አምኖ ነው። በጎርጎሮሳውያኑ 1960 ለዕይታ የበቃው «ሳይኮ» የሚያስፈራው ይህን እምነት ስለሚሰብር ነው፤ ገዳዩ ራሱ እንግዳ ተቀባዩ ነው።

ፓራማውንት ኩባንያ ወጪውን ለመሸፈን ባለመፍቀዱ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በራሱ ገንዘብ ሠራው፤ የ250 ሺህ ዶላር ክፍያውንም በ60 በመቶ ድርሻ ለወጠ። ጠቅላላ ወጪው 800 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ለቁጠባ ሲባል የቴሌቪዥን ባለሙያዎችን አሰማራ፤ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ፤ በደም ምትክም የቸኮሌት ሽሮፕ ተጠቀመ።

ከአንድ ደቂቃ በታች የሚፈጀው የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ግን ሰባት የቀረጻ ቀናት ወስዷል። ቁጠባው በገንዘብ እንጂ በልፋት አልነበረም፤ ለጀማሪ የፊልም ባለሙያዎች ትምህርቱም ይኸው ነው።