ብዙ እጅ ያረፈበት መዝገብ

ከሆለታ ተነሥቶ ወደ ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአዳ በርጋ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ስሟን በጽሕፈት ያሰፈሩ ሰዎች ሁሉ በፊደሏ አልተስማሙም፤ አንዱ እንጭኒ ሲላት ሌላው ኢንጪኒ ይላታል፤ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤም የራሷ የሆነ ሌላ መልክ አላት። እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያዋ ለሚገባ ገበሬ ይህ ልዩነት ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ስለ ከተማይቱ በመዝገበ ዕውቀት አንድ ገጽ ልጻፍ ብሎ ለተነሣ ሰው ግን ገና በርእሱ ላይ የሚያቆመው ጥያቄ ነው፤ የሚጽፈው ለራሱ ሳይሆን እንጭኒን በማናቸውም ስሟ ፈልጎ ለሚመጣ፣ በዓይኑም አይቷት ለማያውቅ አንባቢ ነውና።

ዛሬ ላስተዋውቅ የምወደው ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ጥያቄ ያለ ደመወዝ ተቀምጠው የሚመረምሩትን በጎ ፈቃደኞችና የሚደክሙበትን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ ይኸውም ውክፔዲያን ነው። ስሙን ያልሰማ፣ ገጹንም ሳያስተውል ያላነበበ ተማሪ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ገጹ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጽፈው፣ ከሁሉም በላይ ማን እንደሚያርመው የሚያውቅ ግን ከሚያነበው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው።

የዚህን መዝገብ ጠባይ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ኑፔዲያን ማስታወስ ይጠቅማል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመሩት ኑፔዲያ፣ እያንዳንዱ መጣጥፍ በባለሙያ ተጽፎ ሰባት የምርመራ ደረጃዎችን ካላለፈ በቀር እንዳይታተም የሚከለክል ሥርዓት ነበረው፤ ሥርዓቱም ከመጥበቁ የተነሣ በመጀመሪያው ዓመት በሩን ያለፉት መጣጥፎች ከሁለት ደርዘን አልበለጡም። ስለዚህ መሥራቾቹ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ማንም አንባቢ ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት ሁለተኛ ገበታ ዘረጉ፤ ለዚህም ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈለሰፈውን፣ በሃዋይ ቋንቋ ‹ፈጣን› ማለት በሆነው ‹ዊኪ› በሚለው ቃል የሰየመውን ዘዴ ተዋሱ። ለሊቃውንቱ ሥራ ረቂቅ ማሰናጃ ይሆናል ተብሎ የተዘረጋው ገበታ ሊቃውንቱን ቀደማቸው፤ ኑፔዲያ ተዘጋ፣ ውክፔዲያ ግን ዛሬ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛው ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት። መሣሪያውንና ገንዘቡን የሚያስተዳድረው በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የሚኖረው በአንባብያን ልገሳ ሲሆን፣ መጣጥፎቹን ግን አይጽፍም።

እንግዲህ አንዱን ገጽ ከፍተን እንየው። በራስጌው ‹አርም› የሚል ቃል ይታያል፤ ይህን የነካ ሰው የመጣጥፉን ቃል በሙሉ እንደ ለስላሳ ሸክላ በእጁ ላይ ያገኘዋል። ነገር ግን የመዝገቡ ምሥጢር እዚያ ላይ አይደለም፤ ምሥጢሩ ከጎኑ ባሉት ሁለት በሮች ነው። አንደኛው የገጹ ታሪክ ነው፤ ገጹ ከተፈጠረባት ሰዓት ጀምሮ የተጨመረውና የተቀነሰው ቃል ሁሉ፣ ማን መቼ እንደለወጠው፣ ለምን እንደለወጠውም በቅደም ተከተል ተጽፎ ይገኝበታል። ሁለተኛው የውይይት ገጽ ነው፤ በዚያ ላይ አራሚዎቹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ምንጭ ይሰጣጣሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ሳይስማሙ ይቆያሉ።

በእኛ አገር ይህ ሥራ ባዕድ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ጽፎ ሲጨርስ ሌላ ዐዋቂ ከተቀዳበት ከእናት መጽሐፉ ጋር እያስተያየ ያርመው ነበር፤ የተዘለለው ቃል በመሥመሩ ላይ ወይም በኅዳጉ ይገባል፣ የተሳተው ይፋቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከብራና ላይ የተፋቀው ቃል ጠፍቶ ይቀራል፣ ከኋላ የሚመጣው አንባቢም አራሚው ትክክለኛውን አጥፍቶ ስሕተቱን ተክቶ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በውክፔዲያ ግን የሚፋቅ ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ የቀደመው ቃል በታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የኋላኛው ከፊተኛው ቢከፋ አንድ ሰው በቅጽበት ይመልሰዋል። ይህ ነው እንግዲህ ማንም እንዲያርም መፍቀዱን እብደት እንዳይሆን ያደረገው።

ከብራናው ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው ሌላ ምሳሌ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለማተሚያ አበቁት። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። አለቃ ደስታም ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. የአማርኛውን መዝገበ ቃላት አወጡ። የዚህ ዓይነቱ ትጋት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአደራ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የውክፔዲያው አደራ ግን ፊት ለፊት ተያይተው ለማያውቁ ሰዎች የተሰጠ ነው፤ በአምቦ ያለው አስተማሪ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር በስዊድን የሚኖር ሐኪም ሊጨርሰው ይችላል፣ ሁለቱም የሚተዋወቁት በመረጡት የአባልነት ስም ብቻ ነው። ያን ጊዜ አደራውን የጠበቀው የመምህሩ ፍቅር ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ታሪኩ ለሁሉ ክፍት መሆኑ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ሁለቱም ግን ሥራው ከሠራተኛው ዕድሜ እንዲረዝም ያደርጋሉ።

የአማርኛው ውክፔዲያ ባልደረቦች ለሥራቸው ያወጧቸው ስሞች ደስ የሚያሰኙ ናቸው። ገና ጥቂት መሥመር ብቻ የተጻፈበት፣ ወደፊት ሊስፋፋ የሚገባው አጭር መጣጥፍ ‹መዋቅር› ይባላል፤ ማገሩና ምሰሶው ቆሞ ግድግዳው ገና ያልተመረገ ቤት በሐሳባችን ይመጣል። በብዙ ገጾች የሚደጋገመው ሰንጠረዥ ‹መለጠፊያ›፣ ተመሳሳይ መጣጥፎች የሚሰበሰቡበት ክፍል ‹መደብ› ይባላል። ተሳዳቢውን የማገድና ብልሹውን ገጽ የመሰረዝ ሥልጣን የተሰጠው አባል ደግሞ ‹መጋቢ› ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሐዲስና መጋቢ ብሉይ ስንል የኖርነው ቃል እዚህም ቦታ አገኘ። መጋቢ ሆነ ማለት ግን በመጣጥፉ ይዘት ላይ የመጨረሻ ፈራጅ ሆነ ማለት አይደለም፤ በክርክር ጊዜ ድምፁ ከሌላው አይበልጥም፤ የሚመዝነው ምንጩ ነው።

መዋቅሩን ወደ ቤት የሚለውጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በኅብረት ይሠራል። በትልልቆቹ ቋንቋዎች አባላቱ ለአንድ ሳምንት አንድ ደካማ መጣጥፍ መርጠው ሁሉም በእርሱ ላይ የሚረባረቡበት ልማድ አለ፤ አንዱ መጻሕፍት ያገላብጣል፣ ሁለተኛው ሥዕልና ካርታ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ሰዋስዉን ያቃናል፣ አራተኛው እያንዳንዱ ቁጥር ከተጠቀሰው ምንጭ ጋር መስማማቱን ያጣራል። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ይህን ቢሰማ ደቦ ነው፣ ጅጌ ነው ይላል፤ አይሳሳትምም። ነገር ግን በደቦ ማሳው የአንድ ሰው ነው፣ ባለቤቱም ለመጡት ጠላና ምግብ ያሰናዳል፤ እዚህ ማሳው የማንም ስላልሆነ የሚያስተናግድም የለም፤ የመጣው ሁሉ እንግዳም ባለቤትም ነው። ስለዚህ ‹ይህን መጣጥፍ እኔ ጻፍሁት፣ ማንም አይንካብኝ› የሚል ሰው በዚያ ማኅበር ብዙ አይሰነብትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስና ሥራው በምዕራብ ሸዋ ምን እንደሚመስል እንመርምር። መጀመሪያ ስም። አምቦ ሀገረ ሕይወት ተብላለች፤ ሆለታ ገነት ተብላለች፤ የቀድሞው ጽሑፍ በአንዱ ስም፣ ያሁኑ በሌላው ይጠራቸዋል። በዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ እያለ በአንድ ድምፅ ብዙ መልክ ስለሚይዝ፣ ሀገረ ሕይወትን አንዱ በሐመሩ፣ ሌላው በሀሌታው ሊፈልጋት ይችላል፤ የመፈለጊያው መሣሪያ ደግሞ ሕይወትና ህይወት አንድ ቃል መሆናቸውን በራሱ አያውቅም። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት መምሪያ መንገድ ነው፤ ይኸውም ባዶ ገጽ በሁለተኛው ስም ተከፍቶ አንባቢውን ወደ ዋናው ገጽ ይመራዋል። ሥራው እጅግ ትንሽ ነው፣ የሚያመሰግንም የለውም፤ ይህን ሳይሠሩ ግን የተጻፈው መጣጥፍ ቁልፉ እንደጠፋ ዕቃ ቤት ነው።

ሁለተኛው ዘመን ነው። የእኛ ዓመት ከአውሮፓው እንደ ወሩ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያልና፣ ከእንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት የጨመረ 1936ን ያገኛል፣ ሰባት የጨመረ ግን ባለቅኔውን ባንድ ዓመት ያስረጀዋል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 እንደተመሠረተ የሚናገር ምንጭ ወሩን ካልጨመረ፣ 1939 ይሁን 1940 ዓ.ም. ከእርሱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ቅን የሆነ አራሚም ወሩን እስኪያገኝ የአውሮፓውን ቁጥር ‹እ.ኤ.አ.› ብሎ እንዳለ ይተወዋል እንጂ በግምት አይቀንስም።

ሦስተኛውና ከባዱ ምንጭ ነው። የመዝገቡ ሕግ በታተመና በታመነ ጽሑፍ ያልተደገፈ ቃል እንዳይገባ ያዛል። ስለ እንጭኒ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ግን ሽማግሌዎቿ ናቸው፤ የመንደሩ ስም ከምን እንደመጣ፣ ገበያው መቼ እንደቆመ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደሰፈረ በልባቸው ይዘዋል፤ ልባቸው ግን የታተመ መጽሐፍ አይደለም። ይህ ሕግ ለቃል ባህል አገር የሚጎረብጥ ነው፤ እኔም መጎርበጡን አልክድም። ሆኖም ሕጉ የሽማግሌውን ቃል ሐሰት ነው አይልም፤ በዓለም ዳርቻ ያለ አንባቢ ሊያጣራው አይችልም ማለቱ ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ቃል የሚሰበስብ፣ በወጉ የሚያሳትም ሰው በመጀመሪያ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ የታተመውም ቢሆን ጥቂት አይደለም፤ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አለ፣ ከዴንማርክ ስለመጡት የአዳ በርጋ ጀርሲ ላሞች የተጻፈ ጥናት አለ፣ በበርጋ ረግረግ ስለምትራባው፣ በምድር ላይ እጅግ ጥቂት ስለቀረችው ክንፈ ነጭ ትንሽ ወፍ የአዕዋፍ ተመራማሪዎች የጻፉት አለ። የወፊቱን ነገር የእንጭኒ ልጅ ከውጭ አገር ሰው ጽሑፍ መስማት አልነበረበትም።

ሰዎች በአንድ ነገር ሁለት አሳብ ሲይዙስ? በዚህ ጊዜ የመዝገቡ ሥርዓት አንዱን መርጦ ሌላውን ማፈን አይፈቅድም፤ እያንዳንዱን አሳብ ከባለቤቱ ጋር፣ በምንጮቹ ሚዛን እንዲያቀርብ ያዛል። መጻሕፍተ ትርጓሜያችን ‹አንድም› እያሉ የሊቃውንቱን ፍቺ በተራ እንደሚያሰልፉ ያስታወሰ አንባቢ ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም። በቦታ ስምና በታሪክ ብዙ ለምንከራከረው ለእኛ ከዚህ የሚሻል ትምህርት አላውቅም፤ የሚቃወምህን ሰው አሳብ እርሱ ራሱ ‹አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው› እስኪል ድረስ አስተካክሎ መጻፍ ቀላል ተጋድሎ አይደለም።

ስሕተት የለም ማለቴ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባለውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ሐሰት ከአራት ወር በላይ ሳይታረም ቆይቷል፤ ጥቂት ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ ዓይን ስላልነበረ ነው። በዚያው ዓመት ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 መጣጥፎችን ከብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ጋር አስተያይቶ፣ በውክፔዲያ በአማካይ አራት፣ በብሪታኒካ ሦስት ያህል ግድፈት አገኘ፤ ብሪታኒካ ምርመራውን ተቃወመ፤ ልዩነቱ ግን ብዙዎች ከገመቱት ያነሰ ነበር። ከሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ የምረዳው፣ ገጹ ከስሕተት የሚጠራው በሚጠብቁት ሰዎች ብዛት መሆኑን ነው። ለእኛም ሥጋቱ እዚህ ላይ ነው፤ የአማርኛው ውክፔዲያ 15,000 ገደማ መጣጥፎች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ መዋቅር ናቸው፤ የአፋን ኦሮሞው ከዚያም ያነሰ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር የምዕራብ ሸዋ ሰው በአንዱ ያለውን ገጽ በሌላው ሊያሟላ የሚችል፣ በሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ አራሚ ነው። መሣሪያው አይከለክለውም፤ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፣ ዛሬ በእጅ ስልክም ይጻፋል፤ መረብ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም መዝገቡን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። የሙገርና የበርጋ ወንዞች ሁለቱም ወደ ዓባይ ይገባሉ የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ የአዳ በርጋ ልጅ አገኘው እንበል። ሙገር ወደ ዓባይ መውረዱ እውነት ነው፤ በርጋ ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ልጁም ይህን ውኃውን ተከትሎ ያውቀዋል። ‹አርም› የሚለውን ነክቶ ያስተካክላል፣ ከታች ባለችው ጠባብ መሥመር ‹የበርጋን መፍሰሻ አቃናሁ› ብሎ ይጽፋል። በማግሥቱ በውይይቱ ገጽ ላይ ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ሰው አንድ መልእክት ያገኛል፤ ‹ወንድሜ ሆይ፣ ምንጩ የት አለ?› ይላል። ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ ከትቶ የአዋሽን ተፋሰስ ካርታ ፍለጋ ይነሣል።