የወፍጮ ቺንጋና የደኅንነት ምህንድስና

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፣ በ1850ዎቹ ዓመታት የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ መድፎች ይሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የቀለጠ ማዕድን እርጥበት ባልጠፋለት ቅርጽ ውስጥ ቢፈስስ፣ ውሃው ባንዳፍታ እንፋሎት ሆኖ ማዕድኑን በሠራተኛው ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ መድፍ ሠሪ ማዕድኑንም፣ ጭቃውንም፣ እሳቱንም አንድነት ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ዛሬ ግን ዕውቀቱ በየሙያው ተከፋፍሏል፤ አደጋው ግን አልተከፋፈለም።

ለዚህ አንድ ወፍጮ ቤት በቂ ምስክር ነው። የእህል አስፈጪዋን ነጠላ የሚስበው ቺንጋ የመካኒክ መሐንዲስ፣ የተላጠው ሽቦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የሚንቀጠቀጠው ወለል የሕንፃ መሐንዲስ ጉዳይ ነው። የዱቄቱ ብናኝስ የማን ነው? በተዘጋ ቤት በአየር ላይ የበዛ ብናኝ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ካገኘ ይፈነዳል። በአሜሪካ አገር፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1878 አንድ ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚሁ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። በወረታ ሩዝ የሚፈለፍሉ ነጋዴዎችም ብናኝን እንደ ቆሻሻ ብቻ ባይቈጥሩት መልካም ነው።

የደኅንነት ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። በልዩ ልዩ የምህንድስና ዘርፍ የተመረቁ ሰዎች አደጋን አስቀድሞ መለየትን፣ የመድረስ ዕድሉንና የጉዳቱን መጠን መገመትን በአንድነት ይማራሉ። ዋናው ደንብ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ይኸውም ቢቻል አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ በመከለያ መለየት፣ ቀጥሎ ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ የእጅ ጓንት በመጨረሻ። በብዙ ነጋዴ ዘንድ ግን አስቀድሞ የሚገዛው ጓንቱ ነው። በሚሽከረከር ቺንጋ አጠገብ ጓንት ራሱ እጅን ጎትቶ እንደሚያስገባ ያሰበው ጥቂት ነው።

በአቅራቢያችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥራ ጤንነትና ደኅንነትን በሕዝብ ጤና በኩል ያስተምራል። መሐንዲሱ ግን ገና መኪናው ሲነደፍ መገኘት አለበት።

ነገሩ ኪስንም ይነካል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ወፍጮ የሚገዛ ነጋዴ ዋጋ ከመቊረጡ በፊት፣ የቺንጋው መከለያ አብሮ መምጣቱንና ማቆሚያው ቊልፍ ለፈጪው እጅ ቅርብ መሆኑን ሻጩን ይጠይቅ።