ቅቤ ለውሻ ይስማማዋልን?

የፋሲካ ሰሞን ቅቤ በሚነጠርበት ቤት አፍንጫውን ወደ ጓዳ አቅንቶ የማይቀመጥ ውሻ የለም። ባለቤቱም ይህን ሲያይ፣ «እርሱስ ፍጥረት አይደለምን?» ይልና ቅቤው ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ከድስቱ ሥር የቀረውን ዝቃጭ በእንጀራ ጠርጎ ይጥልለታል። ውሻው በደስታ ይበላል። በማግሥቱ ሲያስመልሰውና በጥግ ተኮራምቶ ሲውል ግን፣ «ሰው መርዞብን ነው» ተብሎ ጎረቤት ይጠረጠራል። በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ቂም እስከ መፍጠር የሚደርስ ነገር ስለ ሆነ፣ ቅቤ ለውሻ ጎጂ መሆን አለመሆኑን ብንመረምር ከንቱ ጨዋታ አይሆንብንም።

ቅቤ በራሱ መርዝ አይደለም። ውሻ ስብን የመፍጨት ተፈጥሮ አለው፤ ለጉልበቱም ስብ ያስፈልገዋል። አንዳንዶች የሚፈሩት የወተቱን ስኳር ነው። እርግጥ ብዙ ውሾች ካደጉ በኋላ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይታወካል፤ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የመፍጨት ችሎታቸው ከቡችላነታቸው ዘመን ይልቅ ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ስኳሩ በአሬራው ውስጥ ስለሚቀር፣ ቅቤን በዚህ መክሰስ ያለ ጥፋቱ መክሰስ ይሆናል።

የቅቤ ጥፋቱ ከብዛቱ ነው። ከ100 ግራም ቅቤ ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስብ ሲሆን፣ ሲነጠር ውሃው ስለሚተን ሁለመናው ስብ ሆነ ለማለት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ያህል አለው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ደግሞ ለአንድ ቀን የሚበቃው 600 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ አቅምሶ «ይህችማ ምን አላት» የሚል ሰው፣ እርሱ ራሱ በአንድ ጊዜ ስምንት ማንኪያ ቅቤ እንደ ዋጠ አድርጎ ይቁጠረው።

ስብ በድንገት ሲበዛ የሚታወከው ብልት ቆሽት ነው። የቆሽት ሥራ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ እያመነጨ ወደ አንጀት መላክ ነው። በተቆጣ ጊዜ ግን ያ ፈሳሽ አንጀት ሳይደርስ እዚያው ሥራውን ይጀምርና ቆሽቱን ራሱን መፍጨት ይይዛል። ውሻው ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ምግብ ይዘጋዋል፤ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል። አንዳንዱም የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱን ዝቅ፣ የኋላ አካሉን ከፍ አድርጎ የሚሰግድ ይመስላል። ይህ የሕመም እንጂ የጨዋታ ምልክት አይደለም፤ ቶሎ ካልታከመም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የወፈሩ ውሾች፣ ከዘርም እንደ ትንሹ ሽናውዘር ያሉት፣ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከጾመኛ ቤት ትራፊ ሲበላ የከረመ ውሻ፣ በአንድ ሌሊት ወደ ቅቤና ወደ ጮማ ይሻገራል። ሰው እንኳ በፋሲካ ማግሥት ሆዱን ይዞ የሚውል ስንቱ ነው!

ወደ ድስቱ ዝቃጭ እንመለስ። የእኛ ንጥር ቅቤ ብቻውን አይነጠርም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው አለበት፤ ነጭ ሽንኩርትም ይገባበታል፤ በአንዳንድ ቤት ቀይ ሽንኩርት ይጨመራል። ከሁሉ የከፋው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት ለሰው መድኃኒት ቢባልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚያህል ቀይ ሽንኩርት ባንድ ጊዜ ቢበላ ሊጎዳው ይችላል፤ ይህም ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲሆን ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ቢበስልም ቢደርቅም ጉዳቱ አይቀርም። ስለዚህ የተጣራው ቅቤ ለሰው ሲቀመጥ፣ ለውሻው የሚደርሰው ሽንኩርቱ የተጠራቀመበት ክፍል ነው፤ የዶሮ ወጥ ቁሌትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚታይ፣ ድዱ ሲገረጣና ሽንቱ ወደ ቡናማ ሲለወጥ ያን ድስት የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

«የለውዝ ቅቤ» የሚባለው ስሙ ቅቤ ይሁን እንጂ ከዚህ ወገን አይደለም። አንዳንዱ ግን ዛይሊቶል በሚባል ማጣፈጫ ስለሚሠራ፣ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ለውሻ መስጠት አደገኛ ነው። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

እንግዲህ መራራ ክኒን ለማዋጥ የጥፍር ያህል ለጋ ቅቤ መጠቀም ጤነኛውን ውሻ አይጎዳውም። ከቀለቡ ውጭ የሚቀምሰው ሁሉ ተደምሮ ከቀን ፍላጎቱ ከአሥር አንዱን እጅ እንዳይበልጥ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ፤ በቅቤ ሲሰላ ለ10 ኪሎው ውሻ ግማሽ ማንኪያ ቢሆን ነው። ሰርቆ ብዙ የበላ እንደ ሆነ ግን መጠኑን፣ ሰዓቱንና በቅቤው ውስጥ የነበረውን ቅመም ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ያስመልሰው ብሎ ጨው በጥብጦ መጋት የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞች ይከለክሉታል፤ ጨው ሲበዛ ራሱ ውሻን ይገድላልና።