ከአከርካሪ ጋር የታሰረው ብረት እስከ መቼ ይሸከማል?

አከርካሪያቸውን ህንድ ወይም ታይላንድ ታክመው ከተመለሱ ሰዎች በተደጋጋሚ የምሰማው አባባል አለ፡፡ “አሁንማ ብረት ገብቶልኛል፣ ከድሮው ጠንክሬያለሁ” ይላሉ፡፡ ግማሹ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ግን ሰው ስለሚጎዳ ዛሬ ስለዚሁ ብረት ጥቂት ልበል፡፡

ከጀርባ በኩል በአከርካሪው አጥንት ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎን ይገባል፡፡ ብሎኑ የአጥንቱን የኋላና የፊት ክፍል በሚያገናኘው ጠባብ አንገት አልፎ ጫፉ በፊተኛው ወፍራም አካል ውስጥ ይቀመጣል፡፡ ከዚያ የብሎኖቹ ራስ በሁለት ዘንጎች ይያያዛል፡፡ ቀደም ሲል አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ሃሪንግተን በፖሊዮ ሳቢያ አከርካሪያቸው የተጣመመ ልጆችን ያክሙ የነበረው በዘንግና በመንጠቆ ነበር፡፡ ፈረንሳዊው ሬይሞን ሩዋ ካሚይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ፓሪስ ውስጥ በዚያ ጠባብ አንገት በኩል ብሎን ማስገባት ጀመሩ፡፡ መንጠቆ አጥንቱን ከውጭ ነው የሚይዘው፤ ብሎን ግን ከውስጥ ጨብጦ በሁሉም አቅጣጫ ይቆጣጠረዋል፡፡

ለእኔ የነገሩ ደካማ ጎን ብሎኑና አጥንቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው፡፡ ብሎኬት ላይ የተመታ ምስማርና ጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር እኩል አይይዙም፡፡ አጥንታቸው የሳሳ አንዲት እናት ጀርባ ውስጥ የገባ ብሎንም ከወጣቱ እኩል አይይዝም፡፡ ደግሞ ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ተጎትቶ አይወጣም፤ በየእርምጃው ላይ ታች እየተወዛወዘ ቀዳዳውን ያሰፋዋል እንጂ፡፡ ይህም በራጅ ላይ በብሎኑ ዙሪያ እንደ ጥቁር ቀለበት ይታያል፡፡ ስለዚህ ሐኪሞች ወፈርና ረዘም ያለ ብሎን ይመርጣሉ፣ ሁለቱን ብሎኖች ወደ ውስጥ ያዘነብሏቸዋል፣ አንዳንዴም የአጥንት ሲሚንቶ ይጨምራሉ፡፡

ዘንጉስ? የዘንግ ግትርነት በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፡፡ ከ5.5 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ማለፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ ግትርነቱ ግን በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ ታዲያ ለምን በጣም ወፍራሙ አይገባም? እጅግ የገተረ ዘንግ ሸክሙን ወደ ብሎኖቹና ወደ ጎረቤት አጥንቶች ይገፋዋል፡፡ ታይታኒየም ግትርነቱ ከማይዝግ ብረት ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ሲታጠፍ ከተጫረ ግን ጭረቱ የስብራት መነሻ ይሆንበታል፡፡

ሽቦን ወዲያና ወዲህ ስናጥፈው መጨረሻ ላይ እንደሚበጠስ ሁሉ ዘንግም ይደክማል፡፡ በላቦራቶሪ የሚፈተነው በሁለት የፕላስቲክ ብሎኮች መካከል ክፍተት ተትቶ፣ እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ እየተጫነ ነው፡፡ ክፍተቱ ከፊት ምንም ድጋፍ የሌለውን አከርካሪ ይወክላል፡፡ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ የቲቢ በሽታ አከርካሪ ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው የሚበላው ይህንኑ የፊት ክፍል ነው፡፡ ለዚህም ነው ሐኪሙ ቦታውን በአጥንት ወይም በብረት ቅርጫት የሚሞላው፡፡

እንግዲህ ብረቱ አርማታው እስኪደርቅ ሶሌታውን እንደሚደግፈው አጣና ነው፡፡ እውነተኛው ተሸካሚ የሚገጥመው አጥንት ሲሆን፣ ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጅበታል፤ ሲጋራ ደግሞ ያዘገየዋል፡፡ አጥንቱ ካልገጠመ የትኛውም ዘንግ ውሎ አድሮ ይሰበራል ወይም ብሎኑ ይላላል፡፡ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከአከርካሪ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲነሳ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጀርባ ጡንቻ 160 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት፤ የሰውነቱ ክብደት ሳይጨመር ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ሐኪሙን “ብረቱ ደህና ነው?” ከማለት “አጥንቱ ገጥሟል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል፡፡ ውጭ የታከመ ሰው የመጀመሪያውን ራጅ ይዞ ይምጣ፤ ኋላ ከሚነሳው ጋር የሚነጻጸረው እሱ ነው፡፡ የብሎኑ ፋብሪካና መጠን የተጻፈበትን ወረቀትም አይጣል፡፡ የካቻቪቴው ጫፍ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ ወረቀቱ ከሌለ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ብሎኑን ለመፍታት ይቸገራል፡፡